ምዕራፍ 6፦ የጉድጓድ ውሃ እና የማያርፈው ፒኤች

አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ይክፈቱና ወዲያው ብርጭቆ ውስጥ ቀድተው ፒኤቹን ይለኩ። ብርጭቆውን ሳይከድኑ ጠረጴዛ ላይ ያሳድሩትና ጠዋት እንደገና ይለኩት። ምንም ሳይጨመርበት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያገኙታል። ምላስም ልዩነቱን አያጣውም፤ ያደረ አምቦ ያ ምላስ የሚቆነጥጠው ነገሩ የለም። የሄደው ጋዙ ነው፤ ማዕድኑ እንዳለ ነው።

በጉድጓድ ውሃ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው የሚገጥመው ግራ መጋባት አብዛኛው ከዚህ ብርጭቆ ውስጥ ይገኛል። ቅዳሜ ከቧንቧው ሲለካው 6.9 የነበረው ውሃ እሑድ ገንዳው ውስጥ 8.2 ይሆንበታል። መመርመሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሌላውም ያንኑ ይነግረዋል። ከዚያ በአሸዋው፣ በጌጥ ድንጋዩ፣ በማጣሪያው፣ በምግቡ ያሳብባል። በመጨረሻ ሱቅ ሄዶ «ፒኤች ማውረጃ» የምትባለውን ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ዋናው ችግር የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ስለ ጠርሙሷ ግን ቆይተን እንነጋገራለን።

መጀመሪያ ውሃው ከመሬት በታች ምን ሲሆን እንደቆየ እንይ። የዝናብ ውሃ ወደ አፈር ሲሰርግ የሚያልፈው ሕይወት በሞላበት ቦታ ነው። የዕፅዋት ሥሮችና ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን እዚያ ይተነፍሳሉ፤ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ እንደ ልቡ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይከማቻል። እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ የዚህ ጋዝ ድርሻ ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ነው። በአፈር ውስጥ ባለው አየር ግን የዚያን 10 እጥፍ፣ አንዳንድ ቦታም 100 እጥፍ ይደርሳል። በስምጥ ሸለቆና በዙሪያው ደግሞ ከአፈሩ ሌላ ከምድር ጥልቅ የሚመጣ ጋዝ ይታከልበታል። ውሃው ይህን ጋዝ ሲይዝ ካርቦኒክ አሲድ የሚባል ደካማ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም የሚያገኘውን ድንጋይ ቀስ በቀስ እያሟሟ ይወርዳል። አሲዱና ድንጋዩ ሲገናኙ የሚገኘው ነገር ባይካርቦኔት ነው።

ስለዚህ ዲናሞው ስቦ የሚያወጣልን ውሃ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፦ ጋዝ እና ባይካርቦኔት። ጋዙ ፒኤችን ወደ ታች ይጎትታል፣ ባይካርቦኔቱ ወደ ላይ። መመርመሪያችን ላይ የምናነበው ቁጥር የዚህ ጉተታ ውጤት ነው። ከጎታቾቹ አንዱ፣ ጋዙ፣ አየር እንዳገኘ ትቶ መሄድ ይጀምራል። ባይካርቦኔቱ የትም አይሄድም።

ፒኤች የሚባለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው፤ ይሠራ የነበረውም ኮፐንሀገን በሚገኘው በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። መለኪያው ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ጠባይ አለው። ከ7 ወደ 8 መሄድ «አንድ መጨመር» ይመስላል እንጂ አሲድነቱ በ10 እጥፍ መቀነሱ ነው። ከላይ ያልነውን ውሃ እንውሰድና ባይካርቦኔቱ 8 ዲግሪ ነው እንበል (ዲግሪው ምን እንደሆነ ቆይተን እናያለን)። 6.9 ሲለካ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 30 ሚሊግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። 8.2 ሲደርስ የቀረው 1.5 ሚሊግራም ነው። ከ20 እጅ ጋዝ 19ኙ ሄዶ አንድ እጅ ቀረ ማለት ነው። በገንዳው ውስጥ ከዚህ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም፤ አሸዋውም፣ ድንጋዩም፣ ምግቡም ንጹሐን ናቸው።

እንግዲህ የጉድጓድዎ ውሃ ፒኤች ስንት ነው ተብለው ቢጠየቁ መልሱ ከቧንቧው ላይ የለም። ባልዲ ውሃ ይቅዱ፤ ወዲያው ይለኩና ይጻፉ። የአየር ፓምፑን ቱቦ ከነአየር ድንጋዩ ባልዲው ውስጥ ከትተው 24 ሰዓት ያንፈቅፍቁት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይለኩ። የሁለተኛው ቀን ቁጥር ነው የውሃዎ ፒኤች፤ ዓሣዎቹም ሳምንቱን ሙሉ የሚኖሩት በእሱ ውስጥ ነው። የአየር ፓምፕ ከሌለ ዝም ብሎ ማስቀመጥም ይሠራል፤ ግን ረጋ ያለ ውሃ ጋዙን የሚለቀው በዝግታ ስለሆነ ከአንድ ቀን በላይ ሊፈልግ ይችላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ከ0.3 ካልበለጠ ጉድጓድዎ ብዙ ጋዝ አይዝም፤ ከዚህ ምዕራፍ ግማሹን መዝለል ይችላሉ።

ስለ መለኪያዎች አንድ ነገር ልበል። ባለ ብዙ ቀለም የወረቀት መመርመሪያ ለግምት ካልሆነ አይረባም፤ 7.2ን ከ7.8 መለየት ያቅተዋል። የጠብታ መመርመሪያ ይሻላል። ባትሪ ያለው እስክሪብቶ መሰል መለኪያ በየጊዜው ቁጥሩ በታወቀ ፈሳሽ፣ ማለትም በ7 እና በ4 ወይም በ10፣ ካልተስተካከለ ከትክክለኛው ይርቃል፤ ጫፉ ሲደርቅም ይበላሻል። ቆንጆ አድርጎ የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳይ ዕቃ ከምንም ይከፋል ባይ ነኝ፤ ሰው ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ሲያይ ያምናልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጉድጓድ ውሃ ተጠቃሚ በአንድ መመርመሪያ ብቻ ይኑር ቢባል እኔ የምመርጥለት የፒኤቹን ሳይሆን የኬኤቹን ነው። በዓሣ ዕቃ ሱቆች «ኬኤች» ተብሎ የሚሸጠው መመርመሪያ የሚለካው በውሃው ውስጥ ያለውን ባይካርቦኔት ነው፤ 1 ዲግሪ በሊትር ከ17.9 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ጋር ይመጣጠናል። አሲድ ወደ ውሃው ሲመጣ የሚቀበለው ባይካርቦኔቱ ነው። እሱ እስካለ ድረስ ፒኤቹ እምብዛም አይናወጥም። እሱ ሲያልቅ ግን የሚይዘው የለም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፤ መመርመሪያው ራሱ ያሳያል። 5 ሚሊሊትር ውሃ በትንሿ ብልቃጥ ይቀዳና አንዲት ጠብታ ይጨመርበታል፤ ክዳኑን ገጥመው ሲገለብጡት ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ሁለተኛ ጠብታ፣ ሰማያዊ ነው። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ አሁንም ሰማያዊ። መመርመሪያው አይሠራም ብለው መጠራጠር ሲጀምሩ ስምንተኛዋ ጠብታ ትገባና ብልቃጡ በአንድ ጊዜ ቢጫ ይሆናል። የጠብታዎቹ ቁጥር ኬኤችዎ ነው። እያንዳንዷ ጠብታ የተለካ አሲድ ናት፤ ሰባቱን ባይካርቦኔቱ ውጦ ምንም እንዳልተፈጠረ አስመስሏል። በቸልተኛ ሰው ገንዳ ውስጥ በወራት የሚሆነው ነገር ይኸው ነው፤ እዚያ ግን የቀለም ለውጥ የለም፣ ያለው የዓሣ ሞት ነው።

ከኬኤች ጎን «ጂኤች» የሚባል ሌላ መመርመሪያ አለ፤ እሱ የሚቆጥረው ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት በአገራችን በተለይ ያሳስታል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ሳሙና አልይዝ የሚል ውሃን፣ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቃል። ውሃው የኖራ ድንጋይ አሟሙቶ ስለሚመጣ ካልሲየሙም ባይካርቦኔቱም አብረው ከፍ ይላሉ። መቀሌም በኖራ ድንጋይ አካባቢ ያለች ከተማ ናት። ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርዱ ታሪኩ ይለወጣል። እዚያ ያለው ውሃ በብዛት የሶዲየምና የባይካርቦኔት ውሃ ነው፤ ካልሲየሙ ጥቂት ነው። ሳሙና ደስ ብሎት ያረፋል፣ ማንቆርቆሪያው ንጹሕ ነው፤ ሰው «ውሃችን ለስላሳ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ኬኤቹ ሲለካ ግን ጠብታው ማለቂያ ያጣል። ለዚህ አንድ የውጭ ምልክት አለ። ፍሎራይድ በውሃ ውስጥ በብዛት የሚቆየው ካልሲየም ሲያንስ ነው፤ ካልሲየም ካለ አብሮት ይዘቅጣል። ስለዚህ ተወላጁ በብዛት ጥርሱ በፍሎራይድ የበለዘበት ቀበሌ የጉድጓዱ ውሃ ካልሲየሙ ዝቅ፣ ባይካርቦኔቱ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ደግ ነው።

አዲስ አበባ ሁሉም አላት። ፍልውሃ ከጥልቅ የሚወጣው ሙቅ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ሲሆን፣ ጥልቀት የሌላቸው የግቢ ጉድጓዶች ሌላ ጠባይ አላቸው። የጎረቤትን ቁጥር መዋስ አይቻልም። በነገራችን ላይ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ መጸዳጃ ቤት አጠገብ ከሆነ ናይትሬትም መለካት አለበት፤ ናይትሬት አየር ቢነፉበትም ቢያፈሉትም አይሄድም።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ከከተማ ወጣ ብለው ቤት የገዙ ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ከራሳቸው ጉድጓድ ይጠቀማሉ። እዚያ ጉዳዩ ሊገለበጥ ይችላል። ከግዛቷ ተራሮች ወዲህ ያለው አለት በብዛት ግራኒት መሰል በመሆኑ የጉድጓዱ ውሃ ባይካርቦኔት ያነሰው፣ አሲድነት ያለው ይሆናል፤ የመዳብ ቧንቧን ስለሚበላም መታጠቢያው ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ እድፍ ይተዋል። መዳብ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕማ አይነሳ። ከተራራው ወዲያ ሸናንዶዋ ሸለቆ ሲገቡ ደግሞ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ድሬዳዋን ያስታውሳል። በየቤቱ ምድር ቤት የሚገጠመው በጨው የሚሠራ ውሃ ማለስለሻ ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካል እንጂ ኬኤቹን አይነካም። ማለስለሻ አለኝና ፒኤቼ ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ይጠብቃል።

ጠርሙሷ ላይ ደረስን። ውስጧ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ፎስፎሪክ ወይም ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ገንዳው ላይ ሲጨመር ባይካርቦኔቱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ፒኤቹ ወዲያው ይወርዳል፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ሌሊቱን ጋዙ ይወጣል፤ ጠዋት ፒኤቹ ወደነበረበት ተጠግቷል። ስለዚህ እጥፍ ይጨምራል። ዓሣዎቹ በሳምንት ሦስት ጊዜ ወርደው ሦስት ጊዜ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ባይካርቦኔት እየተበላ ይሄድና አንድ ቀን ያለቀ ጊዜ ያው የተለመደው ልክ ፒኤቹን 5 ላይ ይጥለዋል። ፎስፎሪኩ በተጨማሪ ለአልጌ ምግብ ትቶ ይሄዳል። አቼቶና ሎሚ የሚጨምሩም አሉ። እነዚህን ባክቴሪያዎች ይመገቧቸዋል፤ ሲመገቧቸው ኦክስጅን ይጨርሳሉ፣ ውሃው ወተት ይመስላል፣ ባይካርቦኔቱም ይመለሳል። የተገኘ ነገር የለም፤ የጠፋው የዓሣው ትንፋሽ ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ዓሣ አርቢዎች ዘንድ የማልወደውን አንድ እምነት መንካት አለብኝ፦ «ፒኤች በ0.2 ከተነቃነቀ ዓሣ ይሞታል» የሚለውን። ዕፅዋት በብዛት የሚያሳድጉ ሰዎች ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር ወደ ገንዳቸው ይለቃሉ፤ ፒኤቹ በየቀኑ አንድ ሙሉ ቁጥር ወርዶ ማታ ይመለሳል። ዓሣዎቻቸው ይራባሉ። ጋዝ ብቻ ያመጣው መውጣትና መውረድ፣ መጠኑ ካልበዛ፣ ዓሣ የሚችለው ነገር ነው። የሚገድለው ከፒኤቹ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ሌላው ነው፤ የጋዙ ራሱ መብዛት፣ የውሃው ጨዎች በድንገት መለዋወጥ፣ ከሁሉም በላይ አሞኒያ።

አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል። አንደኛው ብዙ የማይጎዳው አሞኒየም ነው፣ ሌላው የዓሣን ስንጥብ የሚያቃጥለው ነጻ አሞኒያ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤች ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በፒኤች 7 ነጻው ከጠቅላላው ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በ8 ወደ 5 በመቶ፣ በ9 ከሦስት አንድ በላይ ይሆናል። ኬኤቹ ከፍ ያለ ጉድጓድ ያለው ሰው ዓሣ ማጨናነቅና ምግብ ማብዛት የማይችለው ለዚህ ነው። በ7 የሚያልፍለት ስንፍና በ8.4 አያልፍለትም።

ኬኤቹ ዝቅ ያለው ሰው ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትሬት ሲለውጡ አሲድ ያመነጫሉ፤ በአሞኒያ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ናይትሮጅን 7 ሚሊግራም የሚያህል ካልሲየም ካርቦኔት የሚመዝን ባይካርቦኔት ይበላል። ይህን ወደ ቤት ቋንቋ ብናመጣው፣ ገንዳው ውስጥ ናይትሬቱ ከዜሮ ተነስቶ 22 ሚሊግራም ሲደርስ 2 ዲግሪ ኬኤች ተበልቷል ማለት ነው። ሲጀመር 2 ዲግሪ ብቻ የነበረው ውሃ እዚህ ላይ ባዶ ነው። ፒኤቹ ወደ 6 ይወርዳል፣ ከዚያም በታች። በዚህ ዝቅታ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ሥራ ይፈታሉ፤ አሞኒያው ይከማቻል፣ ግን በአሞኒየም መልክ ስለሆነ ዓሣው ለጊዜው አይሞትም። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ባለቤቱ ጽዳት ትዝ ብሎት ግማሹን ውሃ ሲለውጥ ፒኤቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሳል፤ ያ ሁሉ አሞኒየም መርዙን መልክ ይይዛል። «ውሃ ለወጥኩላቸውና ሞቱብኝ» የሚለው የተለመደ እሮሮ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። እንዲህ ያለ ገንዳ ያጋጠመው ሰው በየቀኑ አንድ አስረኛውን ብቻ እየለወጠ በሳምንት ተኩል ቀስ ብሎ ያንሳው፤ እስከዚያ ምግብ ይቀንስ።

ዝቅ ያለ ኬኤችን ማሳደግ ቀላልም ርካሽም ነው። 6 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው፣ በ50 ሊትር ውሃ ውስጥ 4 ዲግሪ ይጨምራል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ አሲድና ዱቄት የተቀላቀለበት ለዳቦ የተሠራ ነገር ነው። ሶዳውን መጀመሪያ በብርጭቆ ውሃ ማሟሟት፣ በአንድ ቀን ከ2 ዲግሪ በላይ አለመጨመር። በራሱ ጊዜ የሚሠራ መላ የሚፈልግ ደግሞ የተፈጨ ዛጎል ወይም የኖራ ድንጋይ ጠጠር በጨርቅ ከረጢት አድርጎ ማጣሪያው ውስጥ ያስቀምጥ፤ ውሃው አሲድ ሲሆን ይሟሟል፣ ሲስተካከል ይቆማል። ድንጋዩ የኖራ መሆኑን ለማወቅ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት፤ ከፈላ ነው። ኬኤቹ ከፍ ያለው ሰው በተቃራኒው ይህንኑ ሙከራ ለጌጥ ድንጋዩ ያድርግ፤ የሚፈላውን ያውጣ።

አሁን ውሃ ወደ መለወጡ እንለፍ። ማንም ከጉድጓዱ በቀጥታ በጎማ ገንዳ አይሙላ። ከላይ ያሰላነውን ውሃ እንደገና እንውሰድ። ገንዳው 8.2 ላይ ነው፤ ከጉድጓድ የወጣ 6.9 ውሃ አንድ ሦስተኛው ቢገባበት ፒኤቹ ወደ 7.3 ይወርዳል፣ እስከ ማግስቱም ወደ 8.2 ይመለሳል። የመለወጫው ልክ 15 በመቶ ቢሆን የሚወርደው እስከ 7.6 ብቻ ነው። ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ የሚታዩት ግን በቁጥሩ ብቻ አይደለም። ከጥልቅ የወጣ ውሃ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው፤ አንዳንዱ የእንቁላል ግማት የሚሸት ጋዝ ይይዛል፤ በግፊት የመጣ ከሆነም በዓሣው ክንፍ ላይ ጥቃቅን አረፋ እስኪታይ ድረስ ሌላ ጋዝ ተጭኖበት ሊሆን ይችላል። ለሁሉም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አየር።

ትንሽ ሮቶ ወይም ክዳን ያለው በርሜል ለዓሣዎቹ ብቻ ይለዩ። ማታ ይሙሉት፣ አየር ድንጋይ ይክተቱበት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። በማግስቱ ፒኤቹ ከገንዳው ጋር ተቀራርቦ ያገኙታል። ብረት የበዛበት ጉድጓድ ከሆነ በርሜሉ ሥር ቡናማ ዝቃጭ ይተኛል፤ ይህ ብረቱ አየር አግኝቶ የዛገው ነው። ቱቦውን ከሥር አያድርጉ፣ ከመሃል ይቅዱ። ሙቀቱንም ይመልከቱ። የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ስለሌለው የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ አያስፈልገውም፤ ቦቴ ያመጣውን ወይም የከተማውን መስመር እየቀላቀሉ ከሆነ ግን ያስፈልጋል።

ከገበያ የመጣ ዓሣን ወደዚህ ውሃ ማስገባትም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሱቁ ያሳደገው ምናልባት ኬኤቹ ዝቅ ባለ የከተማ ውሃ ነው። ለዚህ ከፋርማሲ የሚገዛው የግሉኮስ ቱቦ ግሩም ነው። ዓሣውን ከነውሃው ባልዲ ውስጥ አድርገው፣ የገንዳውን ውሃ በቱቦው ስበው፣ መቆጣጠሪያዋን መንኮራኩር አጥብበው በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ እንዲወርድ ያደርጋሉ። የባልዲው ውሃ ሦስት እጥፍ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ከሩቅ ከተማ በታሰረ ፕላስቲክ የመጣ ዓሣ ላይ ግን ይህን አያርዝሙት፤ በፕላስቲኩ ውስጥ አሞኒያ ተከማችቷል፣ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ፒኤቹ ይነሳል፤ ቶሎ ወደ ንጹሕ ውሃ መግባት ይሻለዋል።

መብራት ሲጠፋስ? ዕፅዋት ያለበት ገንዳ ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወሰድበት ፒኤቹ ወደ ማታ ይነሳል፣ ሌሊት ዕፅዋቱም ዓሣውም ሲተነፍሱ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ከንጋት በፊት ነው። ይህ ጤናማ ነው። መብራት ሌሊት ከጠፋና የአየር ፓምፑ ከቆመ ግን ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ኦክስጅኑም ያልቃል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ በገንዳው አጠገብ ማስቀመጥ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ከሌለ ከገንዳው በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሶ ማፍሰስ ይበቃል። ፒኤቹን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መለካት ያለብዎትም ለዚህ ነው፤ የጠዋቱን ከማታው ጋር እያወዳደሩ መደናገጥ ከንቱ ድካም ነው።

ኬኤቹ ከፍ ያለን ውሃ በእውነት ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ባይካርቦኔት በሌለው ውሃ ማቅጠን አለበት፤ ሌላ አቋራጭ የለም። ማዕድኑን ጭምር በሚያስቀር የማጣሪያ መሣሪያ የሚገኘው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። እኩል በእኩል ከተቀላቀለ ኬኤቹ በግማሽ ይወርዳል፣ ጂኤቹም እንዲሁ። ማፍላት በድሬዳዋ ዓይነት ውሃ ላይ ይሠራል፤ ባይካርቦኔቱ ከካልሲየሙ ጋር ማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ላይ አይሠራም፤ የሚጋገርበት ካልሲየም ስለሌለ ባይካርቦኔቱ ወደ ካርቦኔት ተለውጦ ፒኤቹን ጭራሽ ያስነሳዋል። ከሰል ያቃጥላሉ እንጂ የሚያተርፉት የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዓሣውን ለውሃው መምረጥ ይቀላል። በላንጋኖ ሐይቅ ቆሮሶ ፒኤቹ 9 በሚጠጋ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከማላዊ ሐይቅ የመጡት ባለ ቀለም ሲክሊዶች ከ7.8 እስከ 8.6 ባለው ይመቻቸዋል፣ ለታንጋኒካዎቹ ደግሞ ከዚያም ከፍ ያለው። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ኬኤቹም ካልሲየሙም ከፍ ባለ ውሃ ይፋፋሉ፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ያለው ሰው ካልሲየሙን በዛጎል ጠጠር ለመደጎም ከሞከረ ግን ብዙ አያገኝም፤ ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ዛጎል አይሟሟምና በሱቅ የሚሸጠውን የካልሲየም ጨው መጠቀም ይኖርበታል። ጎልድፊሽ የሰጡትን ይቀበላል። በዓሣ እርሻ የተራቡ ኒዮን ቴትራዎችም፣ ትውልዳቸው የአማዞን ለስላሳ ውሃ ቢሆንም፣ እስከ 7.8 ድረስ ከለመዱት ይኖራሉ፤ እንቁላላቸው ግን አይፈለፈልም። ዲስከስ ለማራባት የቆረጠ ሰው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሥራ። ማጠራቀሚያው ከአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚሞላ ከሆነ ያን ውሃ ለዓሣ አይስጥ፤ የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮው ዚንክ አሟሙቶ ይወርዳል፣ ዚንክ ደግሞ በለስላሳ ውሃ ውስጥ ዓሣ ይገድላል።